እርሾው ከተደፋ በኋላ

ለመሆኑ በቤታችሁ ያለው እርሾ ዕድሜው ስንት ነው? ጥያቄው ሳያስቃችሁ አልቀረም። የልጆቻችንን የልደት ቀን፣ የቤት ኪራይ የምንከፍልበትን ዕለት፣ የዕቁብ ዕጣችን የሚወጣበትን ሳምንት ለይተን እናውቃለን፤ በቡሃቃው ጥግ የምትቀረውን ያችን አንድ ጣሳ ቢጫ ውሃ ግን ከየት እንደ መጣችና ስንት ዓመት እንደ ኖረች የሚጠይቅ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። የጠየቅሁት እናቴ ካረፈች በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. የሕማማት ሳምንት፣ አሰበ ተፈሪ በሚገኘው ቤቷ የሊጥ ዕቃዋን ክዳን ባነሣሁ ጊዜ ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ እናቴ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ በዓል መጨረሻ ነው። በዓሉ ክርስቲያኑ በትንሣኤ ዕለት የሚያከብረው ፋሲካ ሳይሆን ለእርሱ ስሙን ያወረሰው የኦሪቱ ፋሲካ፣ ሰባት ቀን ቂጣ የሚበላበት በዓል ነው። አሰበ ተፈሪ ተወልዳ ያደገች ሴት በዚህ በዓል ምን አገባት? ትሉ ይሆናል። እኔን ያገባኝ በእርሾው በኩል ነው።

አሰበ ተፈሪን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ፣ የአዋሽንና የሚኤሶን ሙቀት ጨርሳችሁ ወደ ጨርጨር ተራሮች ስትወጡ የምታገኟት የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ናት። ዛሬ ስሟ ጭሮ ነው፤ የእኛ የልጅነት አፍ ግን አሁንም አሰበ ተፈሪ እያለ ያስቸግራል። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ በመሆኑ በዳርና ዳሩ ምግብ ቤት ሞልቶበታል። እናቴ ለእነዚያ ምግብ ቤቶች እንጀራ ትጋግር ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ምጣዷን ታሰማለች፤ እኔና ታላቅ እህቴ ጠዋት ለትምህርት ስንነሣ ሰፌዱ ላይ የተቆለለው እንጀራ ከእኔ ቁመት ይስተካከል ነበር። ጤፍ ሲወደድ ከሙይራ ማሽላ ጋር ትቀላቅላለች፤ ማሽላ ሲወደድ ደግሞ ዝም ብላ ታስባለች። እህቴ የተዳረችው፣ እኔም የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን የያዝሁት በዚያ እንጀራ ነው።

ታዲያ ለእንዲህ ያለች ሴት እርሾ ማለት ለባለ ሱቅ መነሻ ገንዘብ እንደ ማለት ነው። በቤታችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ቡሃቃው ታጥቦ አይደርቅም። ሊጡ ሲጋገር ከታች ጥቂት ይቀራል፤ በዚያ ላይ ዱቄት ይጨመራል፤ ውሃው ከላይ ሲጠል ይቀዳል፤ እንዲህ እየተባለ አንዱ ሊጥ ሌላውን እየወለደ ይኖራል። እናቴ ለልቅሶ ገጠር በሄደች ጊዜ እንኳ «ልጆቹን አደራ» ከማለቷ በፊት «እርሾዬን አደራ» ስትል ሰምቻታለሁ። ይህን ስጽፍ ትንሽ ይቆረቁረኛል፤ ግን እውነት ነው።

አደራውን የምትሰጠው ከአጥር ማዶ ላሉት እናት ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የሚናገሩትም ኦሮምኛ ነው፤ እኔና እህቴ «እማማ» ስንላቸው አድገናል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ሥጋ አይሻገርም፤ ቢላዋም አይዋዋሱም። እንጀራና እርሾ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ሲመላለሱ ኖረዋል። የእሳቸው ሊጥ ሲበላሽባቸው ከእኛ ይወስዳሉ፤ የእኛ ሲበላሽ ከእሳቸው እናመጣለን። በልጅነቴ እርሾ የያዘች ጣሳ ተሸክሜ በዚያ ቀዳዳ የሾለክሁበትን ቁጥር ፈጣሪ ይወቀው።

እናቴ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አረፈች። አርባዋ ወጥቶ ቤቱ ተቆለፈ። በሕማማት ሳምንት እኔ ከአዲስ አበባ፣ እህቴ ደግሞ ከምትኖርበት ከሂርና መጥተን ቤቱን ለተከራይ ልናዘጋጅ ተገናኘን። የሊጡን ዕቃ ክዳን ሳነሣ የአርባዋ ሊጥ ተረፍ እዚያው ደርቆ፣ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ ላዩ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት። በቀብሯ ቀን ያላለቀስሁትን ለቅሶ ያን ጊዜ አለቀስሁት።

እህቴ መጥታ አየችና ያለ አንዳች ቃል ዕቃውን አንሥታ ወጣች። ቦዩ ላይ ደፋችው። ከዚያም በአመድና በሙቅ ውሃ ፈትጋ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?» ብዬ ጮኽሁባት።

«ምን ላድርገው ታዲያ? ሻጋታ ላቁምልሽ? አንቺ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሆነሽ እንጀራ ከሱቅ በላስቲክ ገዝተሽ የምትበዪ፣ ዛሬ እርሾ አስለቀሰሽ?»

ያለችው እውነት ስለ ነበረ ይበልጥ ተናደድሁ። እኔ የምሠራ እናት ነኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ እንደምታደርጉት እንጀራዬን እገዛለሁ። እናቴ የመጣች ዕለት ብቻ ሊጥ አቦካ ነበር፤ እሱንም ለይምሰል። ሁለት ቀን ሙሉ ከእህቴ ጋር የተነጋገርነው በግድ ነው።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ነው ጎንደር ትዝ ያለችኝ።

በ2011 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ጎንደር ሄጄ ሳለሁ ከከተማዋ ወጣ ብላ የምትገኘውን ወለቃን ጎብኝቼ ነበር። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ሴቶቿም በሸክላ ሥራ የታወቁ ናቸው። አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ከሄደ ቆይቷል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ተጓዙ፤ በመንገዱም ብዙዎች ሞቱ። ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ፣ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ቤተሰባቸው ሄዶ እነርሱ ተራ የሚጠባበቁ ግን በጎንደር ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዲት አረጋዊት እናት በጎንደር ከተማ አግኝቼ አነጋገርሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አልፈቀዱልኝም።

እሳቸው ያጫወቱኝ ልጅ ሳሉ በመንደራቸው ስለሚከበረው ፋሲካ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው እንጀራ ይቀራል፤ ሆድ ከቦካ ነገር እንዲጠራ እየተባለ የተቆላ ጥራጥሬ ይበላል። ቤቱ ይጠረጋል፤ ሊጥ የነካው ዕቃ ይወጣል። አሮጌው ሸክላ ይሰበርና አዲስ ይሠራል፤ ሸክላ ሠሪ ሴት ያለበት ቤት ስለሆነ ይህ አያስቸግርም ነበር። በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ማታ በመስጊዱ ቅጥር (ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ነው የሚሉት) ቄሱ በጉን ያርዳሉ። ከዚያ ጀምሮ ሰባት ቀን ቂጣ ብቻ ነው። ቂጣውም አያድርም፤ ዱቄቱና ውሃው እንደ ተገናኙ ወዲያው ምጣድ ላይ ይወጣል። ጠላ የለም፤ እንጀራ የለም።

«እርሾውስ?» አልኋቸው።

«ይደፋል።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ ነዋ!»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስሰማ እናቴ በዓይኔ መጣች። ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። በየዓመቱ እርሾ የሚደፋ ሕዝብ በአንድ በኩል፣ እርሾዋን ከልጆቿ አስቀድማ አደራ የምትሰጥ ሴት በሌላ በኩል።

«ታዲያ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ እርሾ ከየት ታመጣላችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ከዱቄትና ከውሃ! የመጀመሪያዋ ሴት ከየት ያመጣችው ይመስልሻል?»

ይህን መልስ በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌው ነበር፤ ነገር ግን ስላላሳሰበኝ በጽሑፌ ውስጥ አላስገባሁትም። በዘገባዬ የተነሣው በጉ፣ ቄሱና ጸሎቱ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። የሴቶች አምድ የምታዘጋጅ ሴት ሆኜ የሴቶቹን ሥራ ዘለልሁት።

ኦሪትን ብታዩት ራሱ የበዓሉን መግቢያ ነው በሰፊው የሚናገረው። እርሾውን ከቤታችሁ አውጡ፤ በጉን እንዲህ እረዱ፤ ወገባችሁን ታጥቃችሁ ብሉ። በመጨረሻውም በሰባተኛው ቀን ሥራ አትሥሩ፣ ለጸሎት ተሰብሰቡ ይላል። በስምንተኛው ቀን ግን ልጆቹ ምን ይበላሉ? እርሾ የሌለው ቤት እንደገና እንዴት ይጀመራል? ስለዚህ አንድም ቃል የለም። ለሴቶቹ የተተወ ሥራ ነው።

ሥራውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። እርሾ ያለው ሊጥ በሁለትና በሦስት ቀን ይደርሳል። እርሾ የሌለው ግን በዱቄቱ ላይና በአየሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በራሳቸው እስኪራቡ ድረስ መጠበቅ አለበት። ከእናንተ መካከል እርሾ የጠፋባት ካለች እንዲህ ታድርግ፦ ጥቂት ዱቄት በንጹሕ ዕቃ በለብታ ውሃ ታሽና ከድና ታስቀምጥ። በቆላ ሦስት ቀን፣ በደጋ አራትና አምስት ቀን ይፈጅባታል። መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ደስ አይልም፤ አትደንግጥ፤ ኮምጠጥ ያለው ሽታ በኋላ ይመጣል። ሻጋታ ካወጣ ግን ትድፋው። ከላይ የጠለለውን ውሃ ቀድታ በሌላ ዱቄት ላይ ትጨምረው። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ትንሽ፣ ገበታው ደረቅ ቢሆንባት አይክፋት፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እየተሻለ ይሄዳል።

እንግዲህ የጎንደሯ እናት እንዳሉኝ፣ የበዓሉ የመጨረሻ ቀናት ለልጆች ረጅም ናቸው። አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን ላይ ቂጣው ድድ ይቆርጣል፤ ሕፃናቱ እንጀራ እንጀራ እያሉ ያለቅሳሉ። ሰባተኛው ቀን ዐቢይ በዓል ነው፤ ምንም ሥራ አይነካም። ሴቶቹ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ጸሎቱን ይሰማሉ፤ ልባቸው ግን ከዱቄቱ ዘንድ ነው። በዓሉ ከወጣ በኋላ ያ አዲስ ሊጥ ቦክቶ የሚበላበት ደስታ ደግሞ ራሱን የቻለ በዓል ነው። ስሙን ቡሆ ይሉታል። ቡሆ የቦካ ሊጥ እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ቡሃቃ የምንለውም ዕቃ ከዚሁ ቃል ጋር ዘመድ ነው። እማማም ሊጥን በኦሮምኛ ቡኮ ነው የሚሉት። ቋንቋ አዋቂዎቹ የሚሉትን ይበሉ፤ ለጓዳ ሴት ሦስቱም ጎረቤታሞች ናቸው።

ያ ሰባተኛ ቀን በሌላውም ዓለም ላሉት አይሁድ ትልቅ ቀን ነው። ባሕረ ኤርትራ የተከፈለው በዚያን ቀን ነው ይላሉ። በምኩራባቸውም ሙሴ ባሕሩን ተሻግሮ የዘመረው መዝሙር ይነበባል። ይህ መዝሙር ለእናቴም እንግዳ አልነበረም፤ በዳዊቷ መጨረሻ ከተጻፉት የነቢያት መዝሙሮች የመጀመሪያው እሱ ነው። ከመዝሙሩ ቀጥሎ የሙሴ እህት ማርያም ከበሮ አንሥታ ሴቶቹን ሁሉ አስከትላ እንደ ወጣች ኦሪት ይናገራል። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ከበሮው አይደለም። ከጥቂት ምዕራፎች በፊት፣ ሕዝቡ ከግብፅ በሌሊት ሲባረር፣ ገና ያልቦካውን ሊጥ ከነቡሃቃው በልብስ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ ይላል። ከዚያ ሁሉ ንብረት መካከል ሊጥ! ያን ያለ ማን እንደ ሆነ አልተጻፈም፤ ሴት እንደ ሆነች ግን አልጠራጠርም።

ከእስራኤል ውጭ የሚኖሩት አይሁድ በዓሉን ስምንት ቀን ያደርጉታል። ምክንያቱ የቆየ ነው፤ አዲስ ጨረቃ መታየቷን የሚናገረው መልእክት ሩቅ አገር በጊዜ ስለማይደርስ ቀኑ እንዳያልፍባቸው አንድ ቀን ጨመሩ። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪት እንዳለው ሰባት ቀን ብቻ ነው የሚያከብሩት። በብዙ የአውሮፓ አይሁድ ዘንድ ደግሞ በመጨረሻው ቀን የሞቱ ወላጆች በስም እየተነሡ ይታሰባሉ። የጸሎቱ ስም ይዝኮር ነው። እኛ ዝክርና ተዝካር ከምንልበት ሥር የወጣ ቃል ነው። ይህን ያነበብሁት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው።

ወደ አሰበ ተፈሪ ልመልሳችሁ። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ በዓላት ተገጣጥመው ነበር። የአይሁድ ፋሲካ የመጀመሪያው ቀን ሚያዝያ 5፣ በሆሳዕና እሑድ፣ ሰባተኛው ቀን ደግሞ ሚያዝያ 11፣ በቀዳም ስዑር ዋለ። እኔና እህቴ የተኳረፍንበት ሳምንት ያ ነው። በዚያ ቤት እኛም ሳናስበው እርሾ የሌለው ሳምንት አሳለፍን። እንጀራ ከጎረቤት ይመጣል፤ እኛ የምንጋግረው ቂጣ ብቻ ነበር።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት እህቴ ጉልባን ቀቀለች። የተፈተገ ስንዴና የተከካ ባቄላ ከጨው ጋር የሚቀቀለውን ማለቴ ነው። በልጅነታችን እናታችን ጉልባን የሚበላው እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ሊጥ አቡክተው ለመጋገር ጊዜ ስላጡ ነው ትለን ነበር፤ ካህናቱም እንዲህ ነው የሚያስተምሩት። ያን ቀን እህቴ ጉልባኑን ወደ ሳህን እየጨለፈች፣ ሳታየኝ፣ «እነርሱም እርሾ አልነበራቸውም» አለች። የመጀመሪያዋ የእርቅ ቃል ይህች ነበረች። እኔም የጎንደሯን እናት ታሪክ ነገርኋት። ስለ ድፋቱ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ፤ «አየሽ!» አለች፤ በቃ፣ ተሳሳቅን። ለእማማም አንድ ሳህን ጉልባን በአጥሩ ሰደድንላቸው፤ እሳቸው ደግሞ በወተት የፈላ የሐሸር ሆጃ በፔርሙስ ላኩልን።

ቅዳሜ ማታ፣ ቄጤማው ከተጎዘጎዘ በኋላ፣ እማማ ራሳቸው መጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በቀዳዳው መሹለክ ትተዋል፤ በበሩ ዞረው ነው የመጡት። በእጃቸው ክዳን ያላት ጣሳ ይዘዋል።

«ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ነገ ፋሲካችሁ ነው፤ ቤቱ ቡኮ ሳይኖረው ሊያድር ነው?» አሉ።

ከፍቼ አየሁት። እርሾ ነው። ቢጫ፣ አረፋ ያዘለ፣ የእናቴን ጓዳ ጓዳ የሚሸት።

«የእናትሽ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ትንሽ አሰቡና፣ «ወይስ የኔ ነው? እኔ ልጆቼን ሳሳድግ ሊጤ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ከእሷ ወስጃለሁ። እሷ ደግሞ አንቺን የወለደች ጊዜ ከኔ ወስዳለች። እንጃ እንግዲህ፤ አንቺው ለዪው» አሉኝ።

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በዚያችው ቅዳሜ ማታ በእስራኤል አገር ከሞሮኮ የመጡ አይሁድ ሚሙና የሚባለውን በዓል ጀምረው ነበር። የፋሲካው ሰባተኛ ቀን ሲመሽ በር ይከፈታል፤ ጎረቤት ይገባል፤ ከአዲስ ሊጥ የተጋገረ ስስ ቂጣ በቅቤና በማር ይበላል። በሞሮኮ ሳሉ ግን በዚያች ሌሊት ዱቄቱን፣ ወተቱን፣ ቅቤውንና ማሩን ይዘው የሚመጡላቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። በአይሁዱ ቤት የቦካም ሆነ የሚቦካ ነገር የለምና! በዓሉን አይሁዱ ይገቡበታል፤ ሲወጡ ግን የጎረቤት እጅ ያስፈልጋል። ይህን ሳነብ የእማማ ጣሳ በዓይኔ ላይ ዞረች።

የጎንደሯ እናት ቢሰሙኝ ምን ይሉኝ እንደ ነበር አውቃለሁ። ዱቄትና ውሃ አለሽ፤ ምን ያንገበግብሻል ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የእሳቸውን ያህል ብርቱ አይደለሁም። በዚያው ላይ፣ እርሾውን እያወቁ በገዛ እጅ መድፋትና ሳያስቡት ሲደርቅ ማግኘት አንድ አይደሉም። እሳቸው የሚደፉት እንደገና ለመጀመር ነው፤ እኔ ያጣሁት በቸልታ ነው። በመሆኑም ጣሳዋን ተቀበልሁ።

ሰኞ ጠዋት ግማሹን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳሁ፤ ክዳኑን አጥብቄ በእናቴ አሮጌ ነጠላ ጠቀለልሁና አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አስተዋይ ሴት እንዲህ አታደርግም። ሚኤሶ ስንደርስ የሙቀቱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ጭኔ ላይ ያለው ጥቅል እየተነፋ፣ እየጠነከረ መጣ። አሰቦት ሳንደርስ ክዳኑ ጧ! ብሎ ተፈናጠረ። ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ «ጎማ ነው!» ብለው ተነሡ። አውቶቡሱ በሙሉ በእርሾ ሽታ ተሞላ፤ የጎኔ ተሳፋሪ የጫት እሽጉን እያራገፈ ቢቆጣኝም በኋላ ስነግረው ራሱ ሳቀ። ረዳቱም «እናት፣ ቀጣይ ጊዜ ምጣዱንም ይዘሽ ነይ» ብሎ ቀለደብኝ። ግማሹ ነጠላው ላይ ፈሰሰ፤ የቀረውን ክዳኑን አላልቼ በእጄ እንደያዝሁ አዲስ አበባ ገባሁ።

እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋገርሁ። አብሲቱን አሳስቼው ኖሮ እንጀራው አፍለኛ ሆነ፤ ዓይንም አላወጣ። የሰባት ዓመቷ ልጄ አንዱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንታ አየችውና «እማዬ፣ ይኼ ተኝቷል» አለችኝ። ቢሆንም ለእሷ የጋገርኋትን እንጎቻ ጨርሳ ሌላ ጠየቀችኝ። የሁለተኛው ሳምንት ሊጥ ተሻለ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እጋግራለሁ፤ በተረፈው ቀን አሁንም እገዛለሁ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ያን ማታ ለእህቴ ስልክ ደወልሁላት። «እርሾው ፈሰሰብኝ፤ ግን ተርፏል» አልኋት። ዝም አለች። ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ ከፋት ይሆን ብዬ «አንቺም ብትፈልጊ ከሂርና ጭሮ ቅርብ ነው፤ እማማ ዘንድ አለ እኮ፤ ሄደሽ ውሰጂ» አልኋት።

«ወስጃለሁ» አለችኝ። «አንቺ አውቶቡስ እንደ ተሳፈርሽ ነው የሄድሁት።»